አረንጓዴው ቀሚስ በመጽሐፉ ሽፋን

ጎንደር በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንገትጌው የተበላ ነጭ ሸሚዜን አጥር ሥር ካለው የጥራጊ ጉድጓድ ጣልሁት። በማግስቱ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ሸሚዙ በክፍሌ በር ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቀኝ። ታጥቧል፤ በካውያ ተተኩሷል፤ አንገትጌው ደግሞ አዲስ ሆኗል። ቀረብ ብዬ ሳየው አዲስ አልነበረም። የራሱ አንገትጌ ነው፤ ተፈትቶ፣ ተገልብጦ፣ እንደገና ተሰፍቷል። የተበላው ፊት ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ፀሐይ አይቶ የማያውቀው ፊት ወጥቷል።

"ሁለት ፊት ነበረው፤ አንተ አንዱን ብቻ ለብሰህ ወረወርኸው" አሉኝ አከራዬ እትዬ ሽታዬ፣ ደጃቸው ላይ እንደተቀመጡ። "ምነው፣ ዩኒቨርሲቲ ይህን አያስተምሯችሁም?"

አላስተማሩንም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንገቴ ላይ አስሬው የኖርሁት ነገር ሌላ ፊት እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ቆሜ አንገትጌውን ደጋግሜ ስገልጠው እትዬ ሽታዬ ሳቁብኝ።

ዘመኑ 1958 ዓ.ም. ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥተን እንድናስተምር ስንመደብ ለእኔ ጎንደር ደረሰኝ። ስለ ግንቦቹ ብዙ አንብቤ ነበር፤ እንደ ደረስሁም ሄጄ አየኋቸው፤ ያምራሉ። ዓመቱን ሙሉ ዓይኔን ይዘው የቀሩት ግን እትዬ ሽታዬ ደጃፍ ላይ የተደረደሩት ሦስት እንቅቦች ናቸው።

እትዬ ሽታዬ በዚያን ጊዜ ሃምሳን አልፈዋል። አጠር፣ ቀጠን ያሉ ፈጣን ሴት ነበሩ፤ ነጠላቸው ጠርዝ ላይ መርፌ ሳይሰካ አይቻቸው አላውቅም። የተወለዱት ትክል ድንጋይ አካባቢ ነው። በጣልያን ጊዜ ወደ ከተማ መጥተው ቀሃ ወንዝ ላይ ልብስ ያጥቡ ነበር። ጣልያን ተሸንፎ ሲወጣ ሰው ጠመንጃና ቆርቆሮ ሲሻማ፣ እሳቸው አንድ የተቀደደ ድንኳን በጀርባቸው አዝለው ገቡ። ከዚያ ድንኳን ፍራሽ ወጣ፤ የእህል ከረጢት ወጣ፤ ከጎንደር ሳንጃ በበቅሎ ለሚነግዱት ለባላቸው ለአያ ዳኛው ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ወጣ። አያ ዳኛው ካፖርቱን አሥራ አራት ክረምት ለብሰውት አረፉ። ካፖርቱ ግን አላረፈም። እኔ በዚያ ዓመት ደብተር የያዝሁበት ቦርሳ ከግራ እጅጌው የተሠራ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር እኔ እርሳለሁ፤ ደብተሮቼ ደረቅ ናቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሽታዬ ፒያሳ ወዳለው ወደ ልብስ ሰፊው ዋኘው ሱቅ ይሄዳሉ። ወለሉን ይጠርጉለትና ጥራጊውን ይዘው ይመለሳሉ። ዋኘው ተገላገልሁ ይላል፤ እሳቸው አገኘሁ ይላሉ። ቁርጥራጩን ሁሉ አጥበው፣ አድርቀው በሦስቱ እንቅቦች ይለዩታል። በመጀመሪያው ገና የሚለበስ ይገባል፤ ከዚያ የሕፃን ቆብና የተቀደደ ጉልበት መጣፊያ ይወጣል። በሁለተኛው ባይለበስም የሚያገለግል ይገባል፤ የጠላ ማጥለያ፣ የድስት መያዣ፣ የአህያ መደላድል። በሦስተኛው ለዓይን ምንም የማይመስለው ይገባል፤ እርሱም ተዘልዝሎ ትራስ ይሞላል፣ ተገምዶ የኩራዝ ክር ይሆናል። አራተኛውን እንቅብ ፈለግሁት።

"ለሚጣለውስ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"የቱ ነው የሚጣለው?" አሉኝ።

ሰፈሩ "ሽታዬ ቡትቶ" ይላቸዋል። አንድ ቀን ውኃ ቀድታ የምትመለስ ጎረቤት እንስራዋን እንዳዘለች አጥሩ ጋ ቆመችና፣ "እትዬ ሽታዬ፣ ዛሬስ የማንን ቡትቶ ለቀሙ?" አለቻቸው።

"የባልሽን ሱሪ" አሉ ቀና ሳይሉ። "መቀመጫው የለም፤ የት እንዳስቀመጠው ጠይቂልኝ።"

ሴትዮዋ ስትስቅ እንስራው ሊያመልጣት ነበር።

እትዬ ሽታዬን ከሁሉ የሚያኮራቸው ግን ሌላ ሥራ ነበር። ከአራዳ ገበያ ከፍ ብሎ መርጌታ ሐብተ ማርያም የሚባሉ መጽሐፍ ደጓሽ ይኖሩ ነበር። የብራና ጥራዙን በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ሰፍተው በቀይ የበግ ቆዳ ይለብጡታል፤ ቆዳውን በጋለ ብረት እያተሙ መስቀልና ሐረግ ያወጡበታል። የቆዳው ጠርዝ በገበታው ዙሪያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። መሐሉ ላይ ግን እንጨቱ ሳይለበስ ይቀራል፤ መዳፍ ዘርግቶ የሚሸፍነው ያህል አራት ማዕዘን። መጽሐፍ ሲገለጥ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ደጓሾች ያን ባዶ ቦታ በጨርቅ ይሸፍኑታል። ለመርጌታ ጨርቁን የሚያቀርቡት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እትዬ ሽታዬ ነበሩ።

ይህን ስሰማ ማመን አቃተኝ። ከልብስ ሰፊ ወለል የተጠረገ ቁራጭ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ማንም ሳይቀደው ይኖራል!

መርጌታ ጨርቁን ሲቀበሉ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። "ከማን ነው?" ይላሉ። የተሰረቀ እንዳይሆን ነው፤ የሟች አደራ እንዳይሆን ነው። እትዬ ሽታዬም ይነግሯቸዋል፤ ከእገሊት ሠርግ ልብስ የተረፈ፣ የእገሌ ካባ ሲጠብ የተቆረጠ። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲሁ ሲጠያየቁ ኖሩ።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ መርጌታ የመጨረሻ መጽሐፋቸውን ጀመሩ። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር ከዚህ በኋላ ሌላ እንደማይደጉሱ ለሁሉም ተናግረዋል። መጽሐፉ ወደ ትክል ድንጋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የወይራዋ ማርያም የተአምር መጽሐፍ ነበር። የድሮ ሽፋኑ ተሰነጣጥቆ፣ አያ በላቸው የሚባሉ የደብሩ ጎረቤት ገበሬ የሁለት በግ ቆዳ ሰጥተው፣ ለኅዳር ጽዮን በዓል እንዲደርስ ተነግሯል። እትዬ ሽታዬ ለዚህ መጽሐፍ የሚሆን ጨርቅ በየቅዳሜው ይፈልጉ ነበር። አንዱ ይሳሳባቸዋል፤ አንዱ ቀለሙ ይጠወልግባቸዋል።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ የፈለጉትን አገኙ።

አስናቀች የምትባል አራዳ ላይ ጠጅ ቤት ያላት ሴት፣ ከአሥመራ የመጣላትን የሐር ቀሚስ እንዲተኩስላት ለዋኘው ሰጥታው ነበር። የዋኘው ካውያ ከሰሉ በዝቶበት ኖሮ ጀርባውን አቃጠለው። አስናቀች ቀሚሱን ዋኘው ፊት ላይ ወርውራ፣ የሚሰደበውን ሁሉ ሰድባ ወጣች። ቅዳሜ እትዬ ሽታዬ ሲሄዱ ቀሚሱ ጥራጊው ላይ ነበር።

ቤት አምጥተው መስኮቱ ሥር ሲዘረጉት ደጁ ላይ ቆሜ ነበር። ጥልቅ አረንጓዴ ነው፤ የሽምብራ ፍሬ የሚያካክሉ ቢጫ አበቦች ተበትነውበታል። ከመስከረም ሜዳ ላይ አንድ ክንድ ተቆርጦ ወደ ቤት የገባ መሰለኝ። ብብቱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነበረች፤ አስናቀች አረንጓዴ ክር ብታጣ በራሷ እጅ በቀይ ክር ጠቅጥቃታለች። የቃጠሎውን ሸሽተው የሚቆርጡበት ሌላ ቦታ ነበራቸው። እትዬ ሽታዬ ግን መቀሳቸውን ይዘው ሲያመነቱ ቆዩና ቀይዋን ጥቅጣቂ መሐል አድርገው ቆረጡ።

"ይችን ማን ይጥላታል" አሉ። "እስቲ እያት፤ ከአበቦቹ ጋር ተመሳስላ ለመኖር ስትታገል።"

መርጌታ ዘንድ ሲወስዱት አብሬያቸው ሄድሁ። መርጌታ ጨርቁን ከአፍንጫቸው አስጠግተው አዩት፤ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ፊታቸው በራ።

"ሸጋ ነው። ከማን ነው?"

እትዬ ሽታዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ዋኘው ሱቅ ነው ያገኘሁት" አሉ።

መርጌታ ዋኘው ሱቅ ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተዋል፤ ደግመው አልጠየቁም።

ስንመለስ፣ "ምነው አልነገሯቸውም?" አልኋቸው።

"የጠጅ ቤት ቀሚስ ነው ብላቸው ይወስዱታል?" አሉና ጥቂት እርምጃ ሄዱ። "እንዲህ ያለ ሐር ትራስ ውስጥ ይግባ?" የኋለኛውን ለእኔ ያሉት አልመሰለኝም።

ኅዳር ሃያ አንድ ቀን የወይራዋ ማርያም ቅጥር ግቢ በሰው ነጣ። ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ተክለ ጊዮርጊስ፣ አዲስ ከተደጎሰው መጽሐፍ ተአምሩን አነበቡ። መርጌታ ሐብተ ማርያም መቋሚያቸውን ተደግፈው ፊት ለፊት ቆመዋል። ንባቡ ሲያበቃ አለቃ፣ "ይህ የመርጌታ የእጅ ሥራ ነው፤ ውጭውንም ውስጡንም አይታችሁ ተሳለሙ" አሉና ሽፋኑን ገልጠው ለአንድ ቄስ ሰጡ። ቄሱ መጽሐፉን እያሳለመ ሕዝቡ መካከል ዞረ፤ ከዚያ ውጭ ወደ ቆሙት ወጣ።

አስናቀች በቅጥሩ በር ላይ ነበረች። አሥር ዓመት ስትመጣ ከበሩ አልፋ ገብታ አታውቅም፤ የማትገባው ማንም ከልክሏት አይደለም፤ እንደማይገባት ራሷ ቆርጣ ነው። መጽሐፉ ሲደርስላት ጎንበስ አለች፤ ከንፈሯ ሳይደርስ ቆመች።

"ቀሚሴ!" ብላ ጮኸች። "እመቤቴን፣ ቀሚሴ ነው! ይኸው ቀይ ክሬ!"

ሹክሹክታው ከበሩ ተነሥቶ እስከ ቤተ ልሔሙ ደረሰ። አያ በላቸው ሰው እየገፉ መጡና መጽሐፉ ውስጥ አዩ፤ አስናቀችን አዩ፤ እንደገና መጽሐፉን አዩ።

"በእኔ በግ ቆዳ ውስጥ የጠጅ ቤት ቀሚስ!" አሉ። "አለቃ፣ ይህ ይውጣ! ዛሬውኑ ይውጣ!"

ሌሎችም "ይውጣ" አሉ። አለቃ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸውና ለሚመጣው እሑድ ቀጠሩ። ፊታቸውን ግን አይቼዋለሁ፤ እሳቸውም የሚያወጡት ይመስል ነበር።

ጨርቁን ማውጣት ቀላል አልነበረም። ከታጠፈው ቆዳ ሥር ገብቶ የተጣበቀ ስለሆነ ቆዳው መላቀቅ አለበት፤ ቆዳው ከተላቀቀ ይቀደዳል፤ ያን ሁሉ መስቀልና ሐረግ እንደገና የሚያትም ዓይን ደግሞ መርጌታ የላቸውም። የመጨረሻ መጽሐፋቸው ተበላሽቶ ሊቀር ነው።

መርጌታ ወደ መጽሐፉ ቀርበው ጣታቸውን ጨርቁ ላይ አስኬዱ። ቀይዋ ጥቅጣቂ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እትዬ ሽታዬ ሁለት እርምጃ ያህል ርቀው ቆመዋል። መርጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው ብቻቸውን ወረዱ።

ያን ሳምንት ደጁ ላይ እንቅብ አልወጣም። እትዬ ሽታዬ ሁለት ጊዜ መርጌታ ቤት ሄደው ሁለት ጊዜ በሩን ሳያንኳኩ ተመለሱ። "የሚጣለውን አድናለሁ ብዬ የማይጣለውን አስቀደድሁ" አሉኝ።

ሐሙስ አስናቀች መጣች። ገና ከበር፣ "እትዬ ሽታዬ፣ ይህን አፌን በመርፌዎ ይስፉልኝ" አለች።

"አፍሽ አይደለም፤ የእኔ ዝምታ ነው።"

"ደስ ብሎኝ እኮ ነው የጮኽሁት! አሥር ዓመት በር ላይ ቆሜ፣ ቀሚሴ እኔን ጥሎኝ ገባ!"

እትዬ ሽታዬ ሳይወዱ ሳቁ። ከበዓሉ ወዲህ ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይራው ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ። አለቃ ተክለ ጊዮርጊስ መሐል ተቀመጡ፤ መርጌታ በስተቀኛቸው፣ አያ በላቸው ፊት ለፊት ከነበትራቸው። አስናቀች ከበሩ አልራቀችም። እትዬ ሽታዬ ከመቀመጣቸው በፊት ተናገሩ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መርጌታ ከማን ነው ብለውኝ አልነገርኋቸውም። እሳቸው ንጹሕ ናቸው።"

"ያን ሰምተናል" አሉ አለቃ በለዘብታ። "ነገሩ ጨርቁ ነው፣ ልጄ። አባቶች በመጽሐፍ ውስጥ ያኖሩት የከበረ ነው። እስቲ ላሳይሽ።" ከዕቃ ቤት ሦስት አሮጌ መጽሐፍ አስወጡ። ትልቁን ገለጡት፤ በውስጡ ቀይ ከፋይ ነበር፤ እንደ ፍም ይቀላል። "ይኸውልሽ። የመኳንንት ስጦታ ነው ይባላል።"

እትዬ ሽታዬ ጎንበስ ብለው አዩት። "ልንካው?" አሉ። አለቃ አቀረቡላቸው። በጣታቸው ጫፍ የከፋዩን ፀጉር ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች ዳበሱት። ለሳምንት ጠፍቶ የነበረው ፊታቸው መመለስ ጀመረ፤ የሥራ ፊታቸው።

"አባቴ፣ ይህ የተለበሰ አይደለም" አሉ። "የተቀመጡበት ነው። ፀጉሩ እዚህ ጋ ተኝቶ አልነሣም ብሏል፤ ዳሩ ላይ ደግሞ ላብ ነጭ ሆኖ ደርቆበታል። የኮርቻ ልብስ ነው። መኳንንቱም ይሆኑ ይሆናል፤ ላቡ ግን የበቅሎ ነው።"

አንድ ሰው ከኋላ ሳል አስመስሎ ሳቀ። አለቃ ቅንድባቸውን አነሡ፤ አልተቆጡም። ሁለተኛውን ገለጡ፤ ቢጫና ቀይ መስመር ያለው ሐር ነበር።

"ይህ እጀ ጠባብ ነበር" አሉ እትዬ ሽታዬ። "የመርፌ ቀዳዳው ተራ ይታያል? ዞሮ ይሄዳል፤ ብብት ነው። ሰውየው ወፍራም ነበር፤ አንዴ ተተርትሮ ሰፍቶታል፤ ሁለተኛም ተተርትሮበታል።"

አለቃ ጎንበስ አሉ። እኔም ጎንበስ አልሁ። ቀዳዳዎቹ እንደ ጉንዳን ዱካ ተሰልፈው ታዩኝ። ፊደል የማይቆጥሩ ሴት አለቃውና እኔ ማንበብ ያልቻልነውን ገጽ ያነብቡ ነበር።

ሦስተኛው ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ ነበር፤ ከመያዝ ብዛት ጥጋጥጉ የዶለዶመ። አለቃ ራሳቸው የሚጸልዩበት ነው። ውስጡ ሰማያዊ ቀጭን ጨርቅ ነበር። እትዬ ሽታዬ አዩት፤ ወደ ብርሃን አዞሩት።

"ይህስ?" አሉ አለቃ።

እትዬ ሽታዬ ጨርቁ ላይ ያሉትን ሁለት ነጠብጣቦች በጣታቸው አሳዩ። ክብ ናቸው፤ ጠርዛቸው ቢጫ ሆኗል።

"ወተት ነው" አሉ። "የለበሰችው ሴት ታጠባ ነበር። ልጁ ሲያለቅስ ቶሎ አልደረሰችለትም።"

ከሩቅ በሬ የሚነዳ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። አለቃ መጽሐፋቸውን ተቀብለው ነጠብጣቦቹን ለረጅም ጊዜ አዩ።

"አርባ ዓመት በየማለዳው ገልጬዋለሁ" አሉ። ከዚያ መጨረሻውን ገለጡና፣ "እዚህ የጻፈው ተጽፏል፤ ያጻፈው ተጽፏል። እርሷ አልተጻፈችም። ማን ነበረች? እንዴት ነበር የምትኖረው?" ብለው ሰዉን ተመለከቱ።

አያ በላቸው በትራቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ። "ያ የድሮ ነው" አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀንሷል። "እኔ የማውቀው የእኔ በግ ቆዳ ንጹሕ መሆኑን ነው።"

ሳምንቱን ሙሉ ያልተናገሩት መርጌታ ሐብተ ማርያም ያን ጊዜ ቀና አሉ።

"በላቸው፣ ያ በግ ያ ቀንዱ የተጠማዘዘው ነው?"

"እርሱ ነው።"

"ጎመን ሲበላ የኖረው በማን ጓሮ ነበር?"

"በእኔ!" አለ አንዱ ከኋላ። "በእኔም! አጥሬን ሁለት ጊዜ አሳጥሮኛል!" አለች ሌላዋ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አያ በላቸው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። "ሌባ ነበር" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "እውነቱን ለመናገር ያረድሁትም ለዚያ ነው።"

ሳቁ እስኪበርድ አለቃ ጠበቁ። ከዚያ የተአምሩን መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ "አይነካም" አሉ። ቀጥለው ወደ በሩ ተጣሩ። "አስናቀች! ነይ እስቲ።"

አስናቀች ግራ ቀኝ አየች፤ ሌላ አስናቀች ያለች ይመስል። ጫማዋን አውልቃ፣ በሩን ተሳልማ፣ አንድ እግሯን አስቀድማ ገባች። ምንጣፉ ዳር ተንበረከከች።

"የክርስትና ስምሽ ማነው?"

"ወለተ ኪዳን።"

"ጨርቁን የሰጠች ወለተ ኪዳን ብለን እንጽፋለን።"

"አባቴ፣ እኔ አልሰጠሁም እኮ" አለች አስናቀች እየተንተባተበች። "ጣልሁት እንጂ። ያውም ዋኘው ፊት ላይ።"

"አሁንስ ትሰጫለሽ?"

"እሰጣለሁ! ጃኖም ቢኖረኝ እሰጣለሁ!"

አለቃ እዚያው ቀለም አስመጥተው በመጨረሻው ብራና ላይ ጻፉ። የእትዬ ሽታዬንም ስም ሊጨምሩ ሲጠይቋቸው፣ "የእኔ እዚያው አለ፤ ቁርጡ የእኔ ነው" ብለው እምቢ አሉ።

ስንመለስ መርጌታና እትዬ ሽታዬ ጎን ለጎን ሄዱ፤ እኔ ከኋላቸው። የአንገረብን ሸለቆ ቁልቁል እያየን ብዙ መንገድ ተጓዙ።

"ምነው አልነገርሽኝም?" አሉ መርጌታ።

"ብነግርዎ ይወስዱት ነበር?"

መርጌታ አሰቡ። "አልወስደውም ነበር።"

"እንግዲያ።"

"ቢሆንም ትነግሪኝ ነበር።"

"ቢሆንም እነግርዎ ነበር" አሉ እትዬ ሽታዬ። "በድያለሁ።" ድንጋያማው ቁልቁለት ሲመጣ ክንዳቸውን ሰጧቸው፤ መርጌታም ያዙት።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ እትዬ ሽታዬን የሚጠራበትን ስም አልለወጠም፤ ቡትቶ ማለቱን ቀጠለ። ነገር ግን ጨርቅ የሚጥሉት ጉድጓድ ላይ መሆኑ ቀረ። አጥፈው በእጃቸው ያመጡላቸዋል፤ አንዳንዱም "የት ይገባ ይሆን?" ብሎ ይጠይቃል። አስናቀች ከቀሚሷ የተረፈ ካለ ብላ ለመነች፤ ጫፉ የአንዲት ሕፃን ቆብ ሆኖ ሄዶ ነበር። እትዬ ሽታዬ ራሳቸው ትራስ ዳር ከሰፉት ላይ ስፋቷ ሁለት ጣት የሚሆን ጥብጣብ ፈትተው ሰጧት፤ ፀጉሯን አሠረችበት። በየበዓሉም ከበሩ አልፋ፣ ሴቶቹ ከሚቆሙበት ከወይራው ጥላ መጨረሻ ላይ ትቆም ጀመር።

የመርጌታ ዓይን በጥር ፈጽሞ ጨለመ። እንዴት ይሆናሉ ብዬ ስፈራ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ሽታዬ ደጃፍ ላይ፣ በእንቅቦቹ መካከል ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቁራጩን ሁሉ በጣታቸው እየዳሰሱ ይለያሉ፤ ሐሩን፣ ጥጡን፣ ሱፉን። አንድም አይሳሳቱም። ከእትዬ ሽታዬ ጋር እየተሟገቱ፣ እየተሳሳቁ፣ ፀሐይዋ ደጁን እስክትለቅ ድረስ።

ሰኔ ላይ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ስሰናዳ ያ ነጭ ሸሚዝ በሁለቱም ፊቱ አልቆ ነበር። በዚህ ጊዜ ጉድጓድ አልጣልሁትም፤ አጥቤ፣ አጥፌ መርጌታ እጅ ላይ አኖርሁት። አንገትጌውን ዳሰሱ፤ ስፌቱን ተከትለው ሄዱ፤ ቆሙ።

"ሁለት ጊዜ የተሰፋ ነው" አሉ። "የአስተማሪው ነው።"

"የትኛው እንቅብ ይግባ?" አልኋቸው።

ጀርባውን ዘርግተው በሁለት እጃቸው ወጠሩት፤ ለጆሯቸው አስጠግተው ሳብ ሳብ እያደረጉ አዳመጡት። እትዬ ሽታዬ መርፌያቸውን አቁመው ጠበቁ።

"ገና ነው" አሉ መርጌታ፤ እጃቸውንም ዘርግተው የመጀመሪያውን እንቅብ ፈለጉ።